የመቶ አለቃው ፊትና የአክስቴ ማር

እጄን አውጥቼ ነው የታሰርኩት። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ጥያቄ ያለው ልጅ እጁን ያወጣል፤ ሲፈቀድለት ይነሣል፣ ይጠይቃል፣ አመስግኖ ይቀመጣል። በዚያ ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ፎገራ ወደ አክስቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ምክትል ወረዳ ገዥው ገበሬውን ወረታ ገበያ ዳር ሰበሰበና፣ የጣና ውሃ ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት፣ ከብትም የሚሰማራበት የሐይቁ ዳር መሬት ከእንግዲህ የአንድ የጎንደር ባለርስት መሆኑን ተናገረ። ሲጨርስ ጥያቄ ያለው ካለ አለ። እጄን አወጣሁ። መሬቱ እስከ ትናንት የማን እንደነበረ ጠየቅሁ። አመስግኜ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። "ልጁ የጠየቀው ይመለስለት" አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሁለታችንንም አንድ ላይ ወሰዱን።

ጣቢያው ከወረታ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ሜዳው መሀል ነው። ስሙን አልጽፍም። ያስገቡን ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ስለተኛ ወለሉ ውሃ ያቁራል፤ ቆመን ስንውል ተረከዛችን ይሰምጣል። የሻገተ ጤፍና የሽንት ሽታ አለው። የበሩ ሳንቃ ከላይ በኩል ስለተሰነጠቀ ግቢውን የምናየው በዚያ ነበር። ውስጥ አንድ በከብት ሌብነት የተከሰሰ ሰው ደረቅ የሆነችውን ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ምን ሰርቃችሁ ነው ብሎ ጠየቀን። እኔም በሥርዓት አስረዳሁት፤ ጥያቄ ጠይቄ እንደሆነ፣ ሽማግሌውም ጥያቄዬ እንዲመለስ ጠይቀው እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣

"እኔ በሬ ነው የሰረቅሁት" አለ። "እንደዚህ ያለ ነገር ውስጥስ አልገባም።"

የእግር ብረት የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዱን ቀለበት በሽማግሌው ቀኝ እግር፣ ሌላውን በእኔ ግራ እግር ላይ ቆለፉት። የእኔ ሰፊ ስለነበር እንደ አልቦ ይንሸራተታል። የእሳቸው ጠባብ ነበር። እሳቸው ወደ ውጭ መውጣት ሲፈልጉ እኔ እነሣለሁ፤ እኔ ስገላበጥ እሳቸው ይነቃሉ። "አባቴ" እላቸው ነበር፤ እሳቸውም "ልጄ" ይሉኝ ነበር። እንግዳ ሰዎች እንደነበርን ከጥቂት ቀናት በኋላ ረሳነው።

እርጥበቱ ብረቱን አዛገው፤ ዛጉ ቆዳቸውን በላው። ቁርጭምጭሚታቸው መጀመሪያ ተላጠ፣ ከዚያ ቆሰለ፣ ከዚያ ቁስሉ ዙሪያውን እየጠቆረ መሽተት ጀመረ። ስለ ሕመሙ አልተናገሩም። የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚያርስ ልጅ እንደሌላቸው፣ በአንድ እግር ደግሞ በሬ ተከትሎ ማረስ እንደማይቻል ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩኝ።

ማር ለገላ መድኃኒት መሆኑን በፎገራ የማያውቅ የለም። የተቃጠለ እጅ ማር ይቀባል። ሐሩር የሰነጠቀው ከንፈር፣ ሕፃን ያቆሰለው የአራስ ጡት፣ ተሰንጥቆ የደማ ተረከዝ ሁሉ ማር ይነካዋል። ለትዳር የደረሰች ልጅ ፊቷ እንዲለሰልስ ማር ተቀብታ ትታጠባለች። እኔም ልጅ ሆኜ ፍም ስረግጥ አክስቴ እግሬን በማር ሸፍና ነው ያዳነችኝ። ስለዚህ ስንቅ ይዛ ስትመጣ በበሩ ስንጥቅ ለሽማግሌው ቁስል ማር እንድታመጣ ለመንኳት። በማግሥቱ በትንሽ ማሰሮ አመጣች። የረጋ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ማር ነበር። እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም።

እዚህ ላይ ስለ መቶ አለቃው መጻፍ ግድ ይሆንብኛል። የጣቢያው አዛዥ እሱ ነበር። ከተማ ያደገ ሰው ነው፤ የፎገራን ፀሐይ የተላከችበት ቅጣት አድርጎ ነበር የሚቆጥራት። ጉንጮቹ ላይ ማዲያት ወጥቶበታል። በሩን የሚጠብቀው አስር አለቃ እንዳወራልን፣ ጎንደር ውስጥ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የልጅቷ እናት ደግሞ ልጄን ለጥቁር አልሰጥም የሚሉ ሴት ናቸው አሉ። አማች የሚሆነው ሰው ክረምቱ ሲወጣ መጥቶ ይታይ ተብሏል። መቶ አለቃው ታዲያ ነጭ ማር ፊትን ያነጣል ብሎ አመነ። ይህን ማን እንደነገረው አላውቅም። ማንም ባይነግረው እንኳ በራሱ ሊደርስበት የሚችል ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእስረኛ የሚመጣ ማር ሁሉ እንዲፈተሽ ትእዛዝ ወጣ። ፍተሻው ረጅም ነበር፤ ለፍተሻ የገባ ማር ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም። አክስቴ ሁለተኛ ስታመጣም ተወሰደባት። በሩ ላይ ቆማ አስር አለቃውን በትሕትና ስትጠይቀው ሰማኋት።

"አያ፣ እንዲያው ልጠይቅዎና፣ እኒያ አዛዥዎ ቁስላቸው ፊታቸው ላይ ነው እንዴ?"

አስር አለቃው የአገሩ ሰው ነው። ማሰሮውን ከእጇ ሲወስድ ቀና ብሎ አላያትም።

የማስታውሳት ቀን ዝናቡ ያባራባት ቀን ናት። ጠዋት ሰማዩ ተከፍቶ ፀሐይ ወጣች፤ ከሜዳው እንፋሎት ይነሣ ጀመር። ግቢው ውስጥ ከብቶች ነበሩ። የተከለከለው መሬት ላይ ሲግጡ ተገኙ ተብለው የተያዙ የገበሬ ከብቶች ናቸው። ከእነሱ መካከል የሽማግሌው ላምና ጥጃዋ እንዳሉ አውቀን ነበር። ላሟን ሳያዩ በድምፅዋ ለይተዋታል።

መቶ አለቃው ወንበር አስወጣ። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተቀመጠ። የደንብ ልብሱ እንዳይነካ አንገቱ ላይ ፎጣ አሰረ፣ ትንሽ መስታወት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ የአክስቴን ማር በጣቱ እያወጣ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ቀባ። በጣም ተጠንቅቆ ነበር የሚቀባው። ከሰው ጉዳይ አንዱንም እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ሲጨርስ ዐይኑን ጨፈነ። ከጀርባው፣ በተከፈተው የቢሮ በር፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ይታያል።

ከብት ሌባው ስንጥቁን ይዞ ያወራልናል። ፀሐይ የወጣችበት ቀን ሁሉ ሥራው ይኸው ነበር።

"ሙሽሪት ተቀምጣለች" አለ። "ዐይኗን ጨፍናለች፤ አፍራ ነው።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝንቦቹ መምጣታቸውን ነገረን። "ሚዜዎቹ ደርሰዋል።"

ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ነገር እንዳለ ገባኝና ሰንሰለቱን ይዘን ቀስ ብለን ተነሣን። ጥጃዋ ከከብቶቹ ተለይታ ወደ ወንበሩ መጥታለች። ቆመች። አሸተተችው። ከዚያ ምላሷን አውጥታ ከአገጩ እስከ ግንባሩ በረጅሙ ላሰችው።

መቶ አለቃው ዐይኑን አልገለጠም። አስር አለቃው ፊቱን የሚጠርግለት መስሎት ነው።

"ቀስ አድርገህ" አለ።

ጥጃዋም እንደታዘዘች ሁሉ ደገመችው። ከብት ሌባው ሸሚዙን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ግን መያዝ አቃተኝና ሳቅሁ፤ ብረቱ አብሮኝ ተንኳኳ። ሽማግሌው አልሳቁም። በስንጥቁ ጥጃዋን እያዩ "ጨው ካገኘች ሰነበተች" አሉ። ሐዘን ነበረበት ድምፃቸው።

መቶ አለቃው ሳቁን ሰምቶ ዐይኑን ገለጠ። ፊት ለፊቱ ያለው የጥጃ አፍንጫ ነበር። ወንበሩ ተገለበጠ፣ መስታወቱ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ጥጃዋ ሮጣ እናቷ ሥር ገባች። መቶ አለቃው የማን ጥጃ እንደሆነች ጮኾ ጠየቀ። አስር አለቃው የማን እንደሆነች ያውቃል፤ ግን እንደማያውቅ ሰው ከብቶቹን ይቆጥር ጀመር። ዝም ቢባል ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር።

"የኔ ናት፣ ጌታው" አሉ ሽማግሌው በስንጥቁ።

መቶ አለቃው ወደ በራችን አየ። ቢላዋ አስመጣ። ወትሮም ከፊቱ ላይ የተረፈውን ማር በቢላዋ ጀርባ እየፋቀ ወደ ጣሳ ይመልሰዋል፤ ለነገ ይሆናልና አይጥለውም። ያን ዕለትም እንዲሁ አደረገ። ጥጃዋ የላሰችውንም ያልላሰችውንም አብሮ ፋቀው። ጣሳውን ሲያይ አንድ ነገር የመጣለት መሰለ። በሩን አስከፍቶ ጣሳውን ይዞ ገባ። ፈገግ ብሎ ነበር። ፊቱ ገና ስለሚያጣብቅ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

"ማር ስትለምኑ ነበር አሉ" አለ። ከዚያ አባቱ የሚሆኑትን ሰው ቁልቁል እያየ "ይኸው አመጣሁልህ። ያን የሚሸት እግርህን ተቀባበት። ስትጨርስም ተነሥተህ እጅ ንሳ" አላቸው።

ሽማግሌው ጣሳውን አዩት። ሳይቸኩሉ ነው ያዩት፤ ገበያ ላይ የቀረበላቸውን ዕቃ እንደሚያዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታው። ቁስሌ ንጹሕ ነገር ነው የሚሻው።"

"ማር እኮ ነው!"

"ማር ነበር" አሉ ሽማግሌው።

ከብት ሌባው ሲያስለው ሰማሁት። መቶ አለቃው ፊቱ ይቅላ ወይም ይጥቆር ለማወቅ አይቻልም፤ ያብለጨልጭ ነበር። ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን አለሰለሰ። የተማርክ ልጅ ነህ አለኝ፤ ገበሬ ግትር ነው፣ ለራሱ የሚበጀውን አያውቅም፣ አንተ ግን ታውቃለህ። እግሩን ይዘህ ቀባው አለኝ። ከቀባኸው ያንተን ብረት አሁኑኑ አስፈታለሁ፣ ዛሬውኑ አክስትህ ቤት ታድራለህ፣ ዩኒቨርሲቲውም ሊከፈት ነው አይደል አለኝ። ጣሳውንም ዘረጋልኝ።

እኔ ትልቅ ሰው የዘረጋልኝን ነገር ሳልቀበል ቀርቼ አላውቅም። አስተዳደጌ እንደዚያ ነው። እጆቼ ሳላዛቸው ተዘርግተው ጣሳውን ተቀበሉ። ፀሐይ ስላገኘው ሞቅ ያለ ነበር። ውስጡ የነበረው ግራጫ ነገር ነው፤ የዝንብ ክንፍ፣ የጢም ጠጉር፣ የጥጃ ለሃጭ አለበት። ከሥር ግን ማር ማር ይሸታል። የአክስቴ ማር ሽታ ነው። ሽማግሌውን ቀባሁ ማለት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ማለት ነበር። አጠገቤ ያለው እግር ደግሞ እውነትም ማር ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ።

ሽማግሌው ቀና አላሉም። አላዩኝምም። የቆሰለ እግራቸውን ሰንሰለቱ እስከፈቀደላቸው ድረስ ወደ ኋላ ሰበሰቡት። ብረቱ ቁስላቸውን ሲግጠው ጥርሳቸውን ነከሱ። የእኔም እግር ተጎትቶ አብሮ ሄደ።

ጣሳውን ለመቶ አለቃው መለስኩለት። በሁለት እጄ ነው የመለስኩለት፤ ለትልቅ ሰው ዕቃ የሚሰጠው እንደዚያ ነው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መቶ አለቃ" አልኩት። "ቁስሉ የእሳቸው ነው፤ አልፈለጉም።"

ይመታኛል ብዬ ነበር። ግን ለመምታት ጣሳውን ማስቀመጥ ነበረበት፤ ወለሉ ደግሞ ጭቃ ነው። ወዲያና ወዲህ አየ። ሦስታችንም ፀሐይ እንዳናይ፣ ለእኔም ማንም ዋስ እንዳይቀበል አዝዞ ወጣ። ዝንቦቹ ተከትለውት ሄዱ። ማሩን ግን ይዞት ነው የሄደው። በማግሥቱም ያንኑ ተቀባ፤ ከብት ሌባው በዐይኑ አይቶ ነገረን፤ እሱ ደግሞ በሌብነቱ እንጂ በውሸት አይታማም።

ያ ሳምንት ከባድ ነበር። ሽማግሌው ሌሊት ሌሊት ያተኩሳቸው ጀመር። ቁስሉን በመጠጥ ውሃችን አጥበን፣ ከሸሚዜ ጫፍ ቀድጄ ብረቱና ሥጋው መሀል አስገባሁላቸው። አንድ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ብንቀባው ይሻል ነበር ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው የገባቸው አልመሰለኝም። ከብቶቹ ዛሬ ውሃ ጠጥተው እንደሆነ መልሰው ጠየቁኝ።

ክረምቱ ሲወጣ መቶ አለቃው ጫማውን አስወልውሎ ለመታየት ወደ ጎንደር ሄደ። በሄደ በማግሥቱ አክስቴ እንደ ልማዷ ማሰሮዋን ይዛ መጣች። አስር አለቃው ማሰሮውን ተቀበለ፤ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት በሩን ከፍቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ የሽማግሌውን ብረት ፈታና በግራ እግራቸው፣ ደኅና በሆነው ላይ፣ አላልቶ ቆለፈው። አክስቴ የፈላ ውሃና ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ንጹሕ ጨርቅም ይዛ ነበር። ቁስሉን አጠብኩት። ማሩን በጣቴ አውጥቼ፣ ጥቁሩን ዙሪያ ሁሉ እስኪሸፍን ድረስ ቀባሁት። ሲያቃጥላቸው ትከሻዬን ያዙ። ከዚያ ጣታቸውን ማሰሮው ውስጥ ነክረው ቀመሱ።

"ይሄ ማር ነው" አሉ።

ቁስሉ ቀስ ብሎ ዳነ። መጀመሪያ ሽታው ጠፋ፣ ከዚያ እርጥበቱ፣ በመጨረሻም ቀይና ስስ ቆዳ ከዳር ወደ መሀል ገባ። እኛን ያስፈቱን የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ቆይቶ ነበር። የሐይቁ ዳር መሬት ለባለርስቱ እንደሆነ ቀረ። ላሟና ጥጃዋ ተመለሱ። እኔም አንድ ዓመት ዘግይቼ ገባሁ። አሁን አብሬያቸው አንደኛ ዓመት የምማር ልጆች ለምን እንደዘገየሁ ሲጠይቁኝ ታምሜ ነበር እላለሁ፤ ነገሩ በአጭሩ አይነገርምና።

መቶ አለቃው አግብቷል። ማዕረግም ጨምሯል። ባለፈው ክረምት መውጫ ጎንደር ላይ መንገድ ሲሻገር አየሁት፤ ፊቱ እንደነበረው ነው። አላወቀኝም። ሰላም አላልኩትም።

ከዚያ ወደ ፎገራ ወርጄ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። ከዋንዛዬ ፍል ውሃ ታጥበው መመለሳቸው ነበር። ትንሽ ያነክሳሉ፤ ግን አሁንም የሚያርሱት ራሳቸው ናቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጠጉር የማያበቅል፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ አለ። ጎረቤቶቻቸው ስለ ጠባሳው ቢጠይቋቸው ብረት ነካኝ ከማለት ሌላ መልስ አይሰጡም። እኔም ስንቀመጥ ነገሩን አነሣሁ። መቶ አለቃውን ጎንደር እንዳየሁት ነገርኳቸው።

"ማንን?" አሉኝ።

እንደገና ነገርኳቸው፤ የጣቢያው አዛዥ የነበረው አልኳቸው። ሊያስታውሱት የሞከሩ እንኳ አይመስሉም። ዘንድሮ ሽምብራው ደኅና ስለመያዙ ያወሩኝ ጀመር። ረስተውት አይመስለኝም። ለዚያ ሰው የሚያወጡት ቃል የላቸውም፤ ይኸው ነው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ገጽ ሰጠሁት።